ከመልክዓ ምድር ሥዕል ባሻገር፦ የአና ቶርቫልድስዶቲር የኦርኬስትራ ድርሰቶች

የአይስላንድ ሙዚቃ በተነሳ ቁጥር እሳተ ገሞራውና የበረዶ ግግሩ አብረው ይነሳሉ። የአልበም ሽፋኖች ጭጋግ የለበሰ ተራራ ያሳያሉ፤ የኮንሰርት ማስታወቂያዎችም አድማጩን ገና ከአዳራሹ ሳይገባ ወደ በረዶው ምድር ይልኩታል። የሙዚቃ ደራሲዋ አና ቶርቫልድስዶቲርም በዚሁ መነጽር ስትታይ ኖራለች። (አይስላንዳውያን እንደ እኛው ሰውን በራሱ ስም ስለሚጠሩ እዚህም አና እያልን እንቀጥላለን።) የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ የተለየ ነው። አና ከተፈጥሮ የወሰደችው መልኩን አይደለም፤ አሠራሩን ነው። ነገሮች የሚያድጉበት፣ የሚሰነጠቁበትና አንዱ ወደ ሌላው የሚለወጥበት ሂደት በድርሰቶቿ ውስጥ የሙዚቃው አጥንት ሆኖ ይገኛል።

አና እ.ኤ.አ. በ1977 ተወለደች፤ ያደገችው በምዕራብ አይስላንድ፣ ቦርጋርነስ በምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ነው። ከድርሰት በፊት የምታውቀው ቼሎን ነበር። በሬይክያቪክ የሥነ ጥበባት አካዳሚ ከተማረች በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግራ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ የዶክትሬት ዲግሪ አገኘች። በቀጣዩ ዓመት “ድሬይሚ” በተባለው የኦርኬስትራ ሥራዋ የኖርዲክ ካውንስልን የሙዚቃ ሽልማት ወሰደች። ከዚያ ወዲህ ታላላቅ ኦርኬስትራዎች ሥራ እያዘዟት ነው።

ልዩነቷን አጉልቶ ለማየት ቀዳሚዋን ዮን ሌይፍስን (1899–1968) ማስታወስ ይጠቅማል። ሌይፍስ እ.ኤ.አ. በ1961 በደረሰው “ሄክላ” እሳተ ገሞራውን ራሱን መድረክ ላይ ለማፈንዳት ሞክሯል። ድንጋይ፣ የመርከብ ሰንሰለት፣ የአንጥረኛ መስፍ፣ መድፍ ሳይቀር ከኦርኬስትራው ጋር አሰልፏል። አድማጩ የሚሰማው ስም ያለው አንድ ተራራ ሲፈነዳ ነው። አና ዘንድ እንዲህ ያለ ተራራ የለም። ተፈጥሮን በሙዚቃ የመግለጽ ሐሳብ እንደሌላት፣ የሚስቧት መጠኑ፣ ፍሰቱና የክፍሎቹ ዝምድና መሆናቸውን ደጋግማ ተናግራለች።

አባባሏ በሥራ ዘዴዋ ይረጋገጣል። ድርሰቱን የምትጀምረው በእርሳስ ንድፍ ነው፤ የሙዚቃውን ጠቅላላ ቅርጽ በመስመርና በጥላ ታሰፍራለች። ንድፉ ለራሷ ማስታወሻ ነው፤ ተጫዋቾች የሚደርሳቸው ኖታ በተለመደው ዘዴ ተጽፎ፣ እያንዳንዱ ዝርዝር ተለይቶ ነው። ቅርጹ ቀድሞ ስለሚታያት የድርሰቱ አካሄድ ዝግ ይበል እንጂ አይባዝንም።

እ.ኤ.አ. በ2011 የአይስላንድ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ያቀረበው “ኤሪያሊቲ” ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በሁለት ተጎራባች የፒያኖ ቁልፎች መካከል የሚገኙ ሩብ ድምፆች ቀስ በቀስ ተከማችተው፣ የትኛው መሣሪያ የትኛውን ድምፅ እንደያዘ መለየት እስኪያዳግት ይጠቀጠቃሉ። ክምችቱ ጫፍ ሲደርስ ወደ ጥርት ያለ ዜማዊ ኅብረ ድምፅ ይፈታል፤ ያም ብዙ ሳይቆይ ይደበዝዛል። ዜማው ከውጭ አልመጣም፤ ከዚያው ክምር በቅሏል። በአና ሙዚቃ ዜማና ጫጫታ የአንድ ቁስ ሁለት መልኮች ናቸው።

ይህ መርህ ይበልጥ የጠራው በ“ሜታኮስሞስ” ነው። ያዘዘው የኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ እ.ኤ.አ. በ2018 በኤሳ-ፔካ ሳሎነን መሪነት ለመጀመሪያ ጊዜ አቀረበው፤ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ የበርሊን ፊልሃርሞኒክ በአላን ጊልበርት መሪነት ተጫወተው። የመነሻ ሐሳቡ ብላክ ሆል ውስጥ መውደቅ ነው። ወፍራም ድምፅ ካላቸው መሣሪያዎች የሚነሳ የማያቋርጥ ድምፅ መሠረቱን ይይዛል፤ በላዩ ባለክር መሣሪያዎች ከድምፅ ወደ ድምፅ ይንሸራተታሉ፤ የትንፋሽ መሣሪያዎች ባዶ አየር ያወጣሉ። ወደ መጨረሻው ባለክሮቹ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ሲምፎኒ የሚያስታውስ ሰፊ ዜማ ያነሳሉ። ለብቻው ቢሰማ የዋህ ሊባል የሚችለው ይህ ዜማ ክብደት ያገኘው በመጣበት መንገድ ነው።

የአፈጻጸሙ ሸክም በተጫዋቹ ላይ ይወድቃል። አና በኖታዎቿ ላይ በምታሰፍረው ማሳሰቢያ፣ ረጅም ድምፅ የሚይዝ ተጫዋች ስስ አበባ በእጁ ይዞ በቀጭን ገመድ ላይ እንደሚራመድ ሰው እንዲያስብ ትጠይቃለች። ማሳሰቢያው ቅኔ ቢመስልም ተግባራዊ ነው። ዜማው በማይንቀሳቀስበት ቦታ የቀስቱ ጫናና የትንፋሹ መጠን ራሳቸው ሙዚቃውን ይሸከማሉና።

ነቀፌታ የሚገባቸው ጎኖችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የበርሊን ፊልሃርሞኒክ በኪሪል ፔትሬንኮ መሪነት ያቀረበውን “ካታሞርፎሲስ”ንና በ2022 በቢቢሲ ፕሮምስ የተሰማውን “አርኮራ”ን ከ“ሜታኮስሞስ” ጋር በተከታታይ የሚያዳምጥ ሰው የሚቀጥለውን እርምጃ አስቀድሞ መገመት ይጀምራል፤ ከታች የሚዘልቀው ድምፅ፣ መንሸራተቱ፣ ዘግይቶ የሚመጣው ዜማ። “ካታሞርፎሲስ” የሰው ልጅ ከምድር ጋር ያለውን ተሰባሪ ግንኙነት እንደሚመለከት ተነግሮለታል፤ ሙዚቃው ብቻውን ግን ይህን አይነግረንም፤ በሌላ ርእስ ቢቀርብም የሚጎድለው የለም። እዚህ ላይ የማስታወቂያው ቋንቋ ከድርሰቱ ቀድሞ ሄዷል።

ያም ሆኖ መደጋገሙ የሐሳብ ድህነት ምልክት አይደለም፤ አንድን ጥያቄ በእልህ የመከታተል ውጤት ነው። ሦስት ክፍሎች ያሉት “አይዮን” ያው ዘዴ 40 ደቂቃ ገደማ ሊሸከም እንደሚችል አሳይቷል። አና በዘመኗ ካሉ የኦርኬስትራ ደራሲያን መካከል ጫጫታን ወደ ዜማ የማሸጋገርን ጥበብ እጅግ ካራቀቁት አንዷ ናት። ለሙዚቃዋ አዲስ የሆነ አንባቢ ከ“ሜታኮስሞስ” ይጀምር፤ 14 ደቂቃ ገደማ ነው። ተራራውን ከመፈለግ ይልቅ ከሥር የሚዘልቀውን ድምፅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይከተል፤ የድርሰቱ ትርጉም ያለው እዚያ ነው።