ሽልማቱ ያልለያቸው ሦስት ድራማዎች፤ የ2019 የቴሌቪዥን ምርጫና የአቋጫጨት ጉዳይ

የዓመቱን ተወዳጅ የቴሌቪዥን ድራማዎች መርጦ መደርደር የጋዜጣ አምድ ሥራ እንጂ የሥነ ጽሑፍ ሐያሲ ተግባር አይደለም የሚል አስተያየት አለ። አስተያየቱ ከፊል እውነትነት አለው። «ወደድሁት» የሚለው ቃል ብቻውን ሲቆም ስለ ተመልካቹ እንጂ ስለ ድርሰቱ የሚነግረን ነገር የለም። ይሁን እንጂ ተመልካቹ የወደደበትን ምክንያት ከድርሰቱ ውስጥ እየመዘዘ ማሳየት ከቻለ ምርጫው ኂስ ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም እ.ኤ.አ. በ2019 ከቀረቡት ድራማዎች ሦስቱን በዚህ መንገድ መመዘን ነው።

ሦስቱን አንድ ላይ ያመጣቸው መስከረም 22 ቀን 2019 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የተካሄደው 71ኛው የኤሚ ሽልማት ነው። በዚያ ምሽት «ጌም ኦፍ ትሮንስ» በተከታታይ ድራማ፣ «ፍሊባግ» በኮሜዲ፣ «ቼርኖቢል» ደግሞ በአጭር ተከታታይ ድራማ ዘርፍ አንደኛ ሆኑ። ሽልማቱ በዘርፍ ስለለያያቸው አላወዳደራቸውም። ሐያሲ ግን ሊያወዳድራቸው ይችላል፤ ሦስቱንም የሚያገናኝ አንድ ጥያቄ አለና። ድርሰት በጅምሩ ከተመልካቹ ጋር ውል ይገባል። መቋጫው ይህን ውል ይፈጽማል ወይስ ያፈርሳል?

ከ2011 ጀምሮ በስምንት ምዕራፎችና በ73 ክፍሎች የቀረበው «ጌም ኦፍ ትሮንስ» የገባው ውል ግልጽ ነበር፤ በዚህ ዓለም ማናቸውም ድርጊት መዘዝ አለው፣ ባለታሪክ ስለሆነ ብቻ ከሞት የሚተርፍ የለም። በመጨረሻው ምዕራፍ ግን የምክንያትና የውጤት ሰንሰለቱ ላልቷል። የእጅ መስጠት ደወል ከተሰማ በኋላ ዴኔሪስ ከተማዋን ከነሕዝቧ ታቃጥላለች። ጨካኝነቷ እንግዳ አይደለም፤ ቀደም ሲል 163 የባሪያ ጌቶችን ሰቅላለች። ይሁንና በዳይን ከመቅጣት ድኻውን እስከ መፍጀት ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ድራማው ግን መንገዱን ሳያሳየን መድረሻው ላይ ያቆመናል። ከዚያም ብራን ሲነግሥ የሚሰጠው ምክንያት ከእርሱ የተሻለ ታሪክ ያለው የለም የሚል ነው። በአምስተኛው ምዕራፍ ጭራሽ ያልታየን ገጸባሕርይ ባለታላቅ ታሪክ ነው ማለት ተመልካቹ ያላየውን እንዲመሰክር መጠየቅ ነው። ስለዚህ ይህ ድራማ በግዝፈቱ ቢደነቅም ከምርጫችን ውጭ ይሆናል።

«ፍሊባግ» የዚህ ተቃራኒ ነው። ፊቢ ዎለር-ብሪጅ እ.ኤ.አ. በ2013 በኤደንብራ ለመድረክ ባቀረበችው የአንድ ሰው ተውኔት ላይ የተመሠረተው ይህ ሥራ፣ ሁለተኛው ምዕራፉ ስድስት አጫጭር ክፍሎች ብቻ አሉት። ስሟ የማይጠራው ዋና ገጸባሕርይ በየመሐሉ ወደ ካሜራው ዞር እያለች ለእኛ ታወራለች። ይህ በተውኔት ጎን ንግግር የምንለው ጥንታዊ ስልት ነው፤ ደንቡም ሌሎቹ ገጸባሕርያት አይሰሙትም የሚል ነው። በሁለተኛው ምዕራፍ ግን የምትወደው ቄስ ዞር ማለቷን ያስተውልና ወዴት እንደሄደች ይጠይቃታል። በዚህች ቅጽበት ለቀልድ የመሰለን ስልት መደበቂያ እንደነበር እንረዳለን። ሴትዮዋ ከሐዘኗ የምትሸሸው ወደ እኛ ነው። በመጨረሻም በአውቶቡስ ማቆሚያው ካሜራው ሊከተላት ሲል ራሷን ነቅንቃ ትታን ትሄዳለች። ቅርጹ ራሱ ሴራ ሆነ፤ ውሉም ተፈጸመ።

ከሁሉም የሚያከራክረው «ቼርኖቢል» ነው። ክሬግ ማዚን የጻፈውና ዮሐን ሬንክ ያዘጋጀው ይህ ባለአምስት ክፍል ድራማ ሚያዝያ 26 ቀን 1986 (እ.ኤ.አ.) የደረሰውን የኑክሌር ፍንዳታ ይተርካል። ጭብጡ ሐሰት ዋጋ ያስከፍላል የሚል ነው፤ ስለዚህም በራሱ ሕግ ሊዳኝ ይገባል። ሳይንቲስቷ ኡላና ሆምዩክ ፈጠራ ናት፤ ይህንንም የመዝጊያው ጽሑፍ ብዙ ሳይንቲስቶችን እንደምትወክል በመግለጽ ይናገራል። በዚህ ቅሬታ የለንም። በአምስተኛው ክፍል ግን ሌጋሶቭ ችሎት ፊት ቆሞ፣ በቀይና በሰማያዊ ካርዶች የፍንዳታውን ምክንያት ሲያስረዳና የመንግሥቱን ምስጢር ሲያጋልጥ እናያለን። በእውኑ ሌጋሶቭ በዚያ ችሎት አልተገኘም።

«ታሪካዊ ድራማ የታሪክ መጽሐፍ አይደለም» ሊባል ይችላል፤ ትክክል ነው። በእኛም ሥነ ጽሑፍ አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለናቱ»፣ ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ እንባ» አንዱን ንጉሥ በየራሳቸው ዐይን ስለውታል፤ በዚህም የሚወቅሳቸው የለም። የዚህ ጽሑፍ ነቀፌታ ማዚን ፈጠረ የሚል አይደለም፤ ፈጠራው ጭብጡን ይቃረናል የሚል ነው። የዚያ ሥርዓት ክፋት ለእውነት መድረክ አለመስጠቱ ነበር። ድራማው ግን ለእውነት መድረክ፣ አድማጭና ዳኛ ሰጠው። በዚህም ጸጥታው ያደረሰውን ጉዳት አቃለለው። የሚያሳዝነው የተሻለው መቋጫ በእጁ መኖሩ ነው፤ የድራማው መክፈቻ ትዝታውን ለብቻው በቴፕ የሚቀዳን ሰው ያሳያል። ሰሚ በሌለበት የተነገረች ያች ቃል ከችሎቱ ንግግር ሁሉ ትበልጣለች።

ይህም ሆኖ «ቼርኖቢል» ሁለተኛውን ስፍራ ይይዛል። የእሳት አደጋ ሠራተኛው ሚስት ከሚሞተው ባሏ አልጋ አጠገብ የምትቆይባቸው ትዕይንቶች፣ መሠረታቸው የስቬትላና አሌክሲየቪች መጽሐፍ ነውና፣ ያለ ንግግር እውነትን ይመሰክራሉ። አንደኛው «ፍሊባግ» ነው። ምክንያቱም ከሦስቱ መካከል የጀመረበትን ስልት እስከ ፍጻሜው ጠይቆ መልሱን ከራሱ ውስጥ ያገኘው እርሱ ብቻ ነው። ተማሪዎቻችንም የዓመቱን ምርጫቸውን ሲደረድሩ ከ«የትኛው አስደሰተኝ?» ቀጥሎ «የትኛው ቃሉን ጠበቀ?» ብለው ቢጠይቁ፣ ዝርዝራቸው ከወሬነት አልፎ የኂስ ጽሑፍ ይሆናል።