የድፎ ዳቦ ላብ

በኮባ (በእንሰት ቅጠል) የተጋገረ ድፎ ዳቦ ጥሩነቱ የሚለየው ከምጣድ በወረደበት ሰዓት ሳይሆን ከሦስት ቀን በኋላ ነው። በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ለጥምቀት የሚጋገር ድፎ ጥር 9 ቀን ከምጣድ ከወጣ፣ ከተራንና የጥር 11ን በዓል አልፎ ጥር 12 ቀን ለቃና ዘገሊላ እንግዳ መቅረብ መቻል አለበት። በዚያ ቀን ሲቆረስ የማይፈረፈር፣ ውስጡ ጣት ላይ የማይጣበቅ፣ ሽታው ያልተለወጠ ዳቦ ጥሩ ዳቦ ነው። ትኩስ እያለ ማማር ማንኛውንም ዳቦ አያቅተውም።

ዱቄቱ መነፋት፣ ሊጡ በደንብ መታሸትና ኩፍ ማለት፣ እሳቱም ከላይና ከታች መመጣጠን እንዳለበት እዚህ አይተነተንም። ይህን ያላወቀ ሰው ዳቦ ስለማቆየት ከማሰቡ በፊት መጋገር ይማር።

ገዢዎችም አዳዲስ ጋጋሪዎችም ሳያዩት የሚያልፉት፣ አልፎ ተርፎም የሚያሞግሱት ጉድለት ላብ ነው። ከደባርቅ ገበያ እስከ አዲስ አበባ ዳቦ ቤት ገዢው የድፎውን ጀርባ በጣቱ ጫን ያደርግና «እንዴት ይለሰልሳል!» ይላል። ከሥሩ ገልብጦ የሚያይ ግን ጥቂት ነው። ያን ልስላሴ ያመጣው ብዙ ጊዜ የጋጋሪዋ ሙያ ሳይሆን መውጫ አጥቶ ወደ ውሃ የተለወጠ እንፋሎት ነው። እንዲህ ያለው ዳቦ ማታ ለስላሳ ነው፣ በማግስቱ ሥሩ ይረጥባል፣ በሦስተኛው ቀን ይሻግታል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ውሃ ያለበት ሊጥ ውስጡ ከውሃ መፍያ ሙቀት በላይ አይግልም። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2800 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ እዚያ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ የድፎውም ልብ ከዚያ አያልፍም። ዳቦው ከምጣድ ሲወርድ ጀርባው ደርቆ ቢታይም ልቡ እንፋሎት እንደያዘ ነው። እንፋሎቱ በዝግታ ወደ ውጭ ይሄዳል፣ መውጫ ካገኘ ይበናል፣ ካላገኘ ደግሞ በቀዘቀዘው ገጽ ላይ ውሃ ይሆናል። ድፎ እንደ ትንሽ ዳቦ በሰዓት ውስጥ አይበርድም። አራትና አምስት ጣት ውፍረት ያለው ድፎ ማታ ወርዶ ልቡ የሚበርደው ሌሊቱን ነው። ቸኩሎ ፌስታል ውስጥ የከተተው ሰው ዳቦውን ዳግም እየቀቀለው ነው።

ላብ የያዘ ድፎ በሦስት ነገር ይታወቃል። ሥሩ መሐል ላይ ጠቆር ያለ እርጥብ ክብ ይኖረዋል፤ በጣት ሲመታ ድምፁ የታፈነ ነው፤ ሲሸትም የተጠበሰ ኮባ ሽታ ሳይሆን የተቀቀለ ቅጠል ሽታ ይሰጣል። ከሦስቱ አንዱን ያሳየ ድፎ መገዛት የለበትም፤ ለማኅበር ለጽዋ ከሆነማ ጭራሽ።

ኮባው ራሱ ብዙ ጊዜ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። የሙዝ ወገን የሆነው እንሰት ለሰሜኑ እንግዳ አይደለም፤ በ1770ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ጎንደር የነበረው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ስለ ተክሉ በመጽሐፉ በሥዕል ጭምር ጽፏል። ቅጠሉ ሊጡን ከምጣድ ይለያል፣ እንዳያርም ይከላከላል፣ ሽታም ይሰጣል። ሥራው ግን እሳቱ ላይ ያበቃል። ዳቦው እንደወረደ የላዩ ኮባ ይነሣል፣ ዳቦው ሲገለበጥ የሥሩ ይላጣል። ለማማር ተብሎ እንደተጠቀለለ የሚቀመጥ፣ ይባስ ብሎም በጥሬ ኮባ እንደገና የሚሸፈን ድፎ እርጥበቱን ራሱ ላይ ያስራል።

የቀድሞዎቹ ባለሙያዎች ይህን ያለ ቴርሞሜትር ያውቁት ነበር። በጎንደር ለማኅበርና ለንግሥ ይጋግሩ ከነበሩት እናቶች መካከል ድፎን ከሰፌድ ሌላ ላይ የማያሳርፉ ነበሩ፤ ሰፌዱም መሬት አይነካም፣ አየር ከሥሩ እንዲያልፍ በሁለት እንጨት ላይ ይቀመጣል። ድፎው ተገልብጦ ሥሩ ወደ ላይ ሆኖ ያድራል። ጠዋት የእጃቸውን ጀርባ በሥሩ መሐል ላይ አሳርፈው ትንሽ ሙቀት ከተሰማቸው፣ እንግዳው ደጅ ቢደርስ እንኳ መሶብ አይከድኑበትም ነበር። የቸኮለች ሙሽራ ልትከድንበት ክዳኑን ካነሣች ቆጣ ይሉ ነበር፤ ቁጣቸውም ተገቢ ነበር። ዛሬ በየሠርጉ ትኩሱ ድፎ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ሲደረደር ለሚያይ፣ የጠፋው ያ ቁጣ ነው።

ድፎው ሙሉ በሙሉ ከበረደ በኋላ በንጹሕና ደረቅ የጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ መሶብ ውስጥ ይገባል። ጨርቁ በየቀኑ ይቀየራል። ሲቆረስም ከዳር መጀመር ስሕተት ነው። ለሁለት ተከፍሎ ከመሐል የሚፈለገው ያህል ይወሰድና የቀሩት ሁለት ፊቶች ተገጥመው ይቀመጣሉ፤ እንዲህ ሲሆን የተቆረጠው ገጽ አየር አያገኘውም።

ቦታውም ይለያያል። የሊማሊሞን ቁልቁለት ወርዶ ቆላው አዲ አርቃይ የደረሰ ድፎ ደባርቅ ላይ በሚቆይበት መጠን አይቆይም፤ በየ1000 ሜትሩ ቁልቁል ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ያህል ይጨምራልና። በቆላው የሚያሰጋው ሻጋታ ብቻ አይደለም። በዱቄት ውስጥ የሚገኝ ባሲለስ የተባለ ባክቴሪያ ዘሩ የምጣዱን ሙቀት ይቋቋማል፤ ዳቦው እርጥብና ሞቃት ሆኖ ከቆየ የዳቦውን ልብ ያሟሟዋል። ሲቆረስ ክር ይስባል፣ የበሰበሰ ፍሬ የመሰለ ጣፋጭ ሽታም ያመጣል። ጎምዛዛነት ይህን ባክቴሪያ ያዳክመዋል። ስለዚህ በአዲ አርቃይ የሚበላ ድፎ በእርሾ አድሮ የተቦካ እንጂ በመደብር እርሾ በሰዓታት ውስጥ ኩፍ ያለ መሆን የለበትም።

ከተሜው የሚሠራው ሌላ ስሕተት ፍሪጅ ነው። ዳቦ የሚደርቀው ውሃ ስላለቀበት ብቻ አይደለም፤ በሙቀት የላላው ስታርች ሲበርድ መልሶ ስለሚጠጥር ነው፤ ይህም በጣም የሚፈጥነው ከዜሮ ጥቂት ከፍ በሚል የፍሪጅ ቅዝቃዜ ላይ ነው። በፍሪጅ ያደረ ድፎ ሻጋታ ይዘገይበት ይሆናል፤ መሶብ ካደረው ግን ቀድሞ ይደርቃል። ማቆየት የግድ ከሆነ ተቆራርጦ ወደ በረዶ ቤቱ ይግባ። የደረቀውን ለመመለስ ምጣድ ላይ ከድኖ ልቡ እስኪግል ማሞቅ ይበቃል፤ ስታርቹ ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ መልሶ ይላላል። ይህ ግን በደንብ የሚሠራው አንዴ ነው፤ ስለዚህ የሚሞቀው በአንድ ማዕድ የሚበላው ያህል ብቻ ነው።

የሻጋታ ነጥብ የታየበትን ቆርጦ የቀረውን መብላት የተለመደ ነው፤ ልክ ግን አይደለም። ድፎ ውስጡ ለስላሳና ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ የሻጋታው ክር ዓይን ከሚያየው ነጥብ ርቆ ይገባል። ነጥብ የታየበት ድፎ ሙሉው ይጣላል፣ መሶቡም ተጠርጎ ፀሐይ ላይ ይሰጣል።