የኔ ቢጤ
ስለ ደጉ ሳምራዊ ምሳሌ አተረጓጐም

የወንጌል ምሳሌ እንደ ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው። በቅኔ ቤት ያደግን ሰዎች ግን ወርቁን ለማግኘት ከመቸኰላችን የተነሣ ሰሙን ሳናይ የምናልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የተጻፈው የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ በዚህ ረገድ ዕዳው የበዛብን ይመስለኛል።

ሊቃውንት በአንድምታ ያስተማሩት ምስጢር የታወቀ ነው። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የወረደው ሰው አዳም፥ ወንበዴዎቹ አጋንንት፥ ሳምራዊው ጌታ፥ የእንግዶቹ ማደሪያ ቤተ ክርስቲያን፥ ሁለቱ ዲናር ብሉይና ሐዲስ ናቸው። ትርጓሜው የከበረ ነው። የምነቅፈው ትርጓሜውን ሳይሆን፥ ትርጓሜውን ተናግረን ቍስለኛውን በመንገድ መተዋችንን ነው። አንጥረኛ ሲሠራ ሰሙ ይቀልጣል፤ ወርቁ ግን መልኩን የሚያገኘው ሰሙ ከተቀረጸበት ነው። ሰሙ የተበላሸበት ሰው ወርቁም ይበላሽበታል።

እንግዲህ ሰሙን እንመልከት። መንገዱ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከባሕር ጠለል 750 ሜትር ያህል ከፍ ካለችው ኢየሩሳሌም ተነሥቶ 250 ሜትር ያህል ዝቅ ወዳለችው ኢያሪኮ ይወርዳል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ጎጃሜ ይህን ለማወቅ አይቸገርም። ካህኑም በዚያው መንገድ ይወርድ ነበር ይላል። የሚወርድ ከሆነ ከመቅደስ ተመላሽ ነው እንጂ ወደ መቅደስ ገቢ አይደለም፤ ስለዚህ በድን ብነካ አገልግሎቴ ይታጐላል የሚል ምክንያት እንኳ አልነበረውም። ዲናርም የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነበረ። ሳምራዊው የሁለት ቀን ደመወዝ ከኪሱ ከፈለ፤ ከአህያውም ወርዶ በእግሩ ሄደ።

ይህን የምጽፈው ራሴን ንጹሕ አድርጌ አይደለም። በደብረ ኤልያስ ተማሪ ሳለሁ በአንድ የክረምት ማለዳ ስለ ፍቅር የቈጠርሁትን ጉባኤ ቃና ለመምህሬ ልነግር ስገሠግሥ አንድ ሰው በመንገድ ዳር በንዳድ ተይዞ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ብቆም ቅኔው ይጠፋብኛል ብዬ አለፍሁ። ከኋላዬ የመጣች አንዲት ሸክላ ሠሪ ግን ገንቦዎቿን ከአህያዋ አውርዳ ሰውየውን ጫነችው። ቅኔዬ ተመሰገነልኝ፤ ዛሬ ግን አንዲት ቃል እንኳ አላስታውሰውም። የሴቲቱን ገንቦዎች በጭቃው ላይ ተደርድረው እስካሁን አያቸዋለሁ።

አይሁድ ሳምራውያንን እንደ ናቁ እኛም ሸክላ ሠሪውንና ቀጥቃጩን ስንንቅ ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ፤ የልብ ንቀት ግን በአዋጅ ብቻ አይነቀልም። በደብረ ኤልያስ የተማሩት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ስለ ተዋረዱት የሚናገረውን ሊቅ «ጉዱ ካሣ» ብሎ አገሩ እንደ እብድ ሲቈጥረው አሳይተውናል።

ሕግ ዐዋቂው የጠየቀው ባልንጀራው ማን እንደ ሆነ ነበር፤ እስከ ማን ድረስ እንዲወድ ወሰኑን ፈለገ። ጌታ ግን ጥያቄውን ገለበጠው፤ ለወደቀው ሰው ባልንጀራ የሆነለት ማን እንደ ሆነ መልሶ ጠየቀው። በግእዙ የቆመው ቃል «ቢጽ» ነው። ይህም ቃል በአማርኛችን «ቢጤ» ሆኖ ይኖራል። አገራችን ለማኙን «የኔ ቢጤ» ብላ ስትጠራ ለሕግ ዐዋቂው ጥያቄ መልሱን ሰጥታለች። እኛ የቆሎ ተማሪዎችም አኮፋዳ አንግተን ደጅ ለደጅ ስንለምን በዚሁ ስም ተጠርተን በልተናል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ምሳሌውን በሰማህ ጊዜ ሳምራዊው ማን እንደ ሆነ ከመመርመርህ አስቀድሞ፥ ዛሬ ጧት በየትኛው መንገድ እንደ ወረድህና ማንን እንዳለፍህ አስብ።