የተጠለፈ መልእክት፤ የሐረር ግንባር ሬዲዮና የሁለት ጄኔራሎች መጻሕፍት

የማርሻል ባዶሊዮ «የኢትዮጵያ ጦርነት» በእ.ኤ.አ. 1936፣ የግራዚያኒ «የደቡብ ግንባር» ደግሞ በ1938 ታትመው ወጡ። ስለ ወረራው የሚጽፉ ሁሉ እነዚህን መጻሕፍት ይጠቅሷቸዋል። እኛ የምንመረምራቸው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም የጦር ምሥጢር በአየር ሲላክ ምን ያገኘዋል የሚለው ነው። ለሠራዊቱ የመገናኛ ሳተላይት የሚመኝ አገር ሁሉ ዛሬም ከዚሁ ጥያቄ ፊት ይቆማል።

ሐረር በዚህ ጉዳይ ቀደምት ናት። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በእ.ኤ.አ. 1894 ሥራው የተጀመረው የ477 ኪሎ ሜትር የስልክና የቴሌግራፍ መስመር እርስዋን ከአዲስ አበባ ጋር ያገናኘ ነበር። የሽቦ መልካምነቱ፣ ቃሉን ለመስረቅ የሚፈልግ ሰው ሽቦው ዘንድ መድረስ ያለበት መሆኑ ነው፤ ክፋቱም አንድ ሰው በጉጠት ቆርጦት ሊሄድ መቻሉ ነው። በ1928 ዓ.ም. ግን የሐረር ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል ጠቅላይ ሠፈራቸውን ጅጅጋ አድርገው፣ ጦራቸው እስከ ኦጋዴን ቆላ ተዘርግቶ ነበርና ያን ያህል አገር በሽቦ ብቻ ሊያዝ አይችልም። ሬዲዮ ግድ ሆነ። የጀጎል አምስቱ በሮች ማታ ማታ ሲዘጉ የሚወጣና የሚገባው ይታወቅ ነበር፤ በአየር ለሚሄድ ቃል ግን በረኛ የለውም።

ባዶሊዮ በመጽሐፉ የሚኮራበት ይህንኑ ነው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተደረገው የማይጨው ውጊያ በፊት ንጉሠ ነገሥቱ ለእቴጌ መነን የላኩትን የሬዲዮ መልእክት ሰዎቹ ጠልፈው እንዳመጡለት ይነግረናል። በደቡብም ግራዚያኒ የኢትዮጵያን መልእክቶች እየጠለፈ ያነብ ነበር። እኛ ይህን አንክድም። ነገር ግን አንባቢ ከዚህ ተነሥቶ «ኢትዮጵያን ያሸነፋት የሬዲዮዋ ልቅነት ነው» ቢል ይሳሳታል። ባዶሊዮ ስለ ጠለፋው ሲያወራ ስለ መርዝ ጋዙ ዝም ይላል። ሐረርም ሚያዝያ 30 ቀን የተያዘችው አስቀድሞ በአውሮፕላን ቦምብ ከተደበደበች በኋላ ነው። ሥራው በጋዝና በአውሮፕላን ሲሠራ ምስጋናውን ለብልሃት ብቻ መስጠት የአሸናፊ ልማድ ነው።

ከዚህ ይልቅ ትኩረት የሚያሻው ሌላ ነገር ነው። በእ.ኤ.አ. 1931 የተጀመረውን የአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ የሠራው አንሳልዶ የተባለ የኢጣልያ ኩባንያ ነበር፤ ሥራውም የተፈጸመው በ1935፣ ጦርነቱ በተነሣበት ዓመት ነው። ወራሪው አገር ለተወራሪው መናገሪያውን ተከለለት ማለት ነው! መሣሪያውን የተከለ ሰው ደግሞ ጠባዩን አሳምሮ ያውቀዋል።

አሁን «ሳተላይት ቢኖረን ምሥጢራችን በተጠበቀ» ለሚሉት የምንመልሰው ከዚህ የተነሣ ነው። ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚቆም ሳተላይት ድምፁን የሚያወርደው በጠባብ ጎዳና አይደለም፤ አገር በሚያህል ስፋት ላይ ነው፤ ሳህን ያለው ጎረቤትም ይቀበለዋል። ስለዚህ ምሥጢሩ የሚጠበቀው በከፍታው ሳይሆን በምሥጢር ቁልፉ ነው፤ ቁልፉን ማን አወጣው፣ ማን ይለውጠዋል፣ የምድሩን ጣቢያ ማን ይጠብቀዋል ነው ጉዳዩ። ጣቢያውንም ቁልፉንም ከሻጩ ጋር የሚጋራ ሠራዊት አቃቂን ወደ ሰማይ ሰቀለው እንጂ ሌላ ምን አደረገ? ኢጣልያ ራስዋ ይህን ተረድታ በእ.ኤ.አ. 2001 ሲክራል የተባለውን የሠራዊት ሳተላይት አመጠቀች፤ ስሙም ሲተነተን የኢጣልያ የምሥጢር መገናኛና ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ማለት ነው። የጠላፊነትን ጥቅም የሚያውቅ ከመጠለፍ መጠንቀቁ አይገርምም።

በእኛ በኩል ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችውን የመጀመሪያዪቱን ሳተላይታችንን በዚህ ክርክር ምስክር አድርገው የሚያቀርቡ ሰዎች አሉ። እርስዋ የተሠራችው ምድርን ከላይ ሆና ፎቶግራፍ እንድታነሣ፣ እርሻንና የአካባቢን ሁኔታ እንድታሳይ ነው፤ ከጅጅጋ ወደ ሐረር የአንድ አዛዥ ቃል አታደርስም።