የኤልያስ መጐናጸፊያና የነቢይነት ሥልጣን መተላለፍ

በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ በ2ኛው ምዕራፍ የተጻፈው የኤልያስና የኤልሳዕ ታሪክ፥ የነቢይነት ሥልጣን ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር እንዴት እንደሚተላለፍ ለሚመረምር ሁሉ ዋና ምስክር ነው። ብዙዎች ግን የታሪኩን ምሥጢር በመጐናጸፊያው ብቻ ይፈልጋሉ፤ ልብሱ የባለቤቱን ኀይል ስለ ያዘ፥ በእጁ የገባለት ሰው ሥልጣኑን ይወርሳል ይላሉ። ይህ አተረጓጐም ለአስማት ጥናት የተመቸ ቢመስልም ከጽሑፉ ጋራ አይስማማም።

አንደኛ፥ መጐናጸፊያው ለኤልሳዕ አዲስ ነገር አልነበረም። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ በ19ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፥ ኤልሳዕ በ12 ጥማድ በሬ ሲያርስ ኤልያስ ጣል አድርጎበት ነበር። ኤልሳዕ ግን ከዚያ በኋላ የኤልያስ አገልጋይ ሆነ እንጂ በቦታው አልተተካም። እንግዲህ ልብሱ የጥሪ ምልክት ነው፤ ሹመቱን በራሱ አይፈጽምም።

ሁለተኛ፥ ኤልሳዕ የለመነው ልብሱን ሳይሆን ከመምህሩ መንፈስ ሁለት እጥፍ ነው። ይህም ከኤልያስ እጥፍ ተአምራት ለማድረግ እንደ መመኘት ተቈጥሯል። ዳሩ ግን የዕብራይስጡ አነጋገር በኦሪት ዘዳግም 21፥17 ስለ በኵር ልጅ ድርሻ የተነገረው ራሱ ነው። ኤልሳዕ ከነቢያት ልጆች መካከል እንደ በኵር ለመቈጠር ለመነ ማለት ነው። ኤልያስም ወዲያው እሺ አላለም፤ ሲወሰድ ቢያየው እንደሚሆንለት፥ ባያየው ግን እንደማይሆንለት ነገረው። ስጦታው ከሰጪው ሰው በላይ ነበረ።

ሦስተኛ፥ አንዳንድ የግሪክ ቅጂዎችና የታወቀው የላቲን ቩልጋታ እትም፥ ኤልሳዕ መጀመሪያ ውሃውን በመታ ጊዜ አልተከፈለም ይላሉ፤ የተከፈለው የኤልያስን አምላክ ከጠራ በኋላ ነው። ይህ ንባብ በኋላ የገባ ማብራሪያ ቢሆን እንኳ፥ የጥንት አንባብያን ኀይሉን ለጨርቁ እንዳልሰጡት ያስረዳል።

የዮርዳኖስ መከፈል ኢያሱን ያስታውሳል። እርሱም በሙሴ እጅ መጫን በማኅበሩ ፊት ከተሾመ በኋላ፥ በሕዝቡ ዘንድ የከበረው በዚሁ ወንዝ፥ በኢያሪኮ አንጻር ነው። በኤልሳዕም ጊዜ 50 የነቢያት ልጆች ርቀው ቆመው ይመለከቱ ነበር። በኢያሪኮ የነበሩት የነቢያት ልጆች መንፈሱ እንዳረፈበት መስክረው ሰገዱለት። ሆኖም እየከለከላቸው 50 ሰዎች ልከው ኤልያስን 3 ቀን አስፈለጉ። ለአዲሱ መምህር የሰገዱ ሰዎች የቀድሞውን መሄድ ገና አልተቀበሉም ነበር። ስለዚህ የሥልጣንን መተላለፍ የሚያጠና ሰው፥ ከዕቃው ይልቅ ጸሎቱንና የምስክሮቹን አቀባበል ቢመረምር ወደ እውነቱ ይቀርባል።