ከአንድ አሚቾ መቶ ችግኝ

እንሰት በዕድሜው አንዴ ብቻ አብቦ ያፈራና ይሞታል። ዘሩ ድንጋይ የመሰለ ጠንካራ ስለሆነ እንደ ልብ አይበቅልም። የደቡብ ኢትዮጵያ ገበሬ ግን ዘር ሳይጠብቅ ያባዛዋል፤ ይህን ጥበብ ከልቤ አደንቃለሁ።

ጉራጌም ሆነ ሲዳማ፣ አባወራው ጥቂት ዓመት የሞላው ጤነኛ እንሰት ይመርጣል። ግንዱን ከሥሩ ትንሽ ከፍ አድርጎ ይቆርጠዋል። ዋናው ሥራ ቀጥሎ ነው፦ አፈር ውስጥ የቀረውን ወፍራም ሥር፣ የአሚቾውን መሀል በቢላ ፈልፍሎ ነጩን ለጋ እምቡጥ ያወጣዋል። እምቡጡ እያለ የጎን ቡቃያዎች እንደተኙ ይቀራሉ፤ እሱ ሲነሣ ይነቃሉ። አሚቾው ጥቂት ቀን ጠውለግ ብሎ በአፈርና በፍግ ይቀበራል። ዝናብ ሲያገኝ ቡቃያዎቹ ዙሪያውን አፈሩን እየገፉ ብቅ ይላሉ፤ ከአንድ አሚቾ 40፣ አንዳንዴም ከ100 በላይ ችግኝ ይገኛል።

እያንዳንዱ ችግኝ ቁርጥ እናቱን ነው። ቡላው የተወደደለት ዝርያ ቡላውን፣ በሽታ የሚችለውም ብርታቱን እንደያዘ ይቀጥላል። የየራሳቸው ስም ያላቸው በርካታ የእንሰት ዓይነቶች ከትውልድ ወደ ትውልድ የተሻገሩት በዚህ መንገድ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ቆጮ የሚበላው በእነዚህ ገበሬዎች እጅ ነውና ዕውቀታቸው በግብርና ትምህርት ቤቶቻችን በክብር ሊሰጥ ይገባል።