ቀስቶቹ የተናገሩትና ያልተናገሩት፦ የማህሎን ዲሎንግ ጽሑፍ ሂሳዊ ዳሰሳ

አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪምና ተመራማሪ ማህሎን ዲሎንግ እ.ኤ.አ. በ1990 «ትሬንድስ ኢን ኒውሮሳይንስስ» በተባለው መጽሔት ያወጣው ጽሑፍ አምስት ገጽ ብቻ ነው። ሥዕሉን ግን የጤና ትምህርት የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። እንጅባራም ሆነ ጎንደር፣ ስለ ፓርኪንሰን ሕመም በሚሰጥ ትምህርት ሰሌዳ ላይ የሚሳሉት ሳጥኖችና ቀስቶች ከዚህ ጽሑፍና ከአቻዎቹ የወረዱ ናቸው። ሥዕሉ ከጸሐፊው ተነጥሎ ለብቻው መጓዝ ከጀመረ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ጽሑፉን ራሱን ገልጦ የሚያነብ ጥቂት ነው፤ የሚያነበው ግን ሰሌዳው ላይ የሌለ ነገር ያገኛል፦ ሊፈተን ራሱን ያጋለጠ መላምት።

የጽሑፉ ጥያቄ ከየት እንደመጣ እናስታውስ። የስዊድኑ አርቪድ ካርልሰን በ1950ዎቹ መጨረሻ ዶፓሚን በአንጎል ውስጥ የራሱ ሥራ ያለው ኬሚካላዊ መልእክተኛ መሆኑን አሳየ። በ1960 ኤህሪንገርና ሆርኒኪዬቪች ቪየና ላይ በፓርኪንሰን ታመው የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምረው፣ ስትራያተም በሚባለው ክፍል ዶፓሚን ክፉኛ መመናመኑን ደረሱበት። የጎደለው ነገር ታወቀ። ዶፓሚኑ ሲጎድል በሕይወት የቀሩት ሕዋሳት ምን ይሆናሉ የሚለው ግን ገና መልስ አልነበረውም። ለዚያ ሕያው አንጎል ውስጥ ቀጭን ኤሌክትሮድ አስገብቶ የእያንዳንዱን ሕዋስ የኤሌክትሪክ ምት መቁጠር፣ ከዚያ በፊትም በሽታውን የያዘ እንስሳ ማግኘት ያስፈልጋል። መንገዱን የከፈተው አሳዛኝ አጋጣሚ ነበር። በ1982 ካሊፎርኒያ ውስጥ በድብቅ የተቀመመ አደንዛዥ ዕፅ በደም ሥራቸው የወሰዱ ወጣቶች በጥቂት ጊዜ ውስጥ መንቀሳቀስ አቅቷቸው ደርቀው ቀሩ። ጥፋተኛው ኤምፒቲፒ የተባለ ኬሚካል ሲሆን ዶፓሚን የሚሠሩትን ሕዋሳት ይገድላል፤ ለጦጣ ሲሰጥም ተመሳሳዩን ሕመም ያመጣል።

የጽሑፉ ማዕከላዊ ሐሳብ እንዲህ ነው። ስትራያተምን የሚያካትተው፣ በአንጎል ጥልቀት ያለው የቤዛል ጋንግሊያ መውጫ፣ በተለይ የውስጠኛው ግሎበስ ፓሊደስ፣ ወደ ኮርቴክስ (የአንጎል ቅርፊት) መልእክት የሚያስተላልፈውን ታላመስን ያለማቋረጥ ይገታል፤ እንቅስቃሴ የሚፈቀደው ይህ ገቺ ዝም ሲል ነው። ስትራያተም ወደዚህ መውጫ በሁለት መንገድ ይደርሳል። ቀጥተኛው መንገድ መውጫውን ዝም ያሰኘዋል። ተዘዋዋሪው በውጨኛው ግሎበስ ፓሊደስና በሰብታላሚክ ኒውክለስ በኩል ዞሮ ይበልጥ ያነቃዋል። ዶፓሚን የፊተኛውን ያበረታል፣ የኋለኛውን ያዳክማል። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞችን ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ ፈረስ የሚጋልበው ሲኮረኮር ብቻ ሳይሆን ልጓሙም ሲላላለት ነው። ዶፓሚን ሲጠፋ መኮርኮሩ ይደክማል፣ ልጓሙም ይጠብቃል። የሰብታላሚክ ኒውክለስና የመውጫው ሕዋሳት ምት ይበዛል፣ ታላመስ ይታፈናል፣ ኮርቴክስም ድጋፉን ያጣል። የታማሚው ዝግታና እንቅስቃሴ መጀመር ማቃት ከዚህ ይመነጫል ይላል ዲሎንግ።

ከአወቃቀሩ የማደንቀው ፓርኪንሰንን ለብቻው አለማቅረቡን ነው። በአንድ ጫፍ እንቅስቃሴ የሚያንስባቸውን ሕመሞች፣ በሌላው ጫፍ እንቅስቃሴ የሚበዛባቸውን፣ እንደ ሀንቲንግተንና ሄሚባሊስመስ ያሉትን፣ አስቀምጦ ሁለቱንም በአንድ ዑደት ይፈታል። ሄሚባሊስመስ የሰብታላሚክ ኒውክለስ ጉዳት እጅና እግርን ያለ ፈቃድ የሚያወናጭፍበት ሕመም ነው። እንግዲህ የዚህ ክፍል መጎዳት እንቅስቃሴን የሚያበዛ ከሆነ፣ እንቅስቃሴ ባነሰበት ታማሚ ላይ ሆን ብሎ ቢጎዳስ? ጥያቄው ከጽሑፉ ቅርጽ በራሱ ይወለዳል፤ በትረካ ቋንቋ ሴራው መፍትሔውን አርግዟል እንላለን። ያው በ1990 በርግማን፣ ዊክማንና ዲሎንግ በ«ሳይንስ» መጽሔት እንዳስነበቡት፣ በኤምፒቲፒ የታመሙ ጦጣዎች ይህ ክፍል ሲጎዳ ዳግም ተንቀሳቀሱ። በ1993 የግሬኖብሉ የአሊም ቤናቢድ ቡድን በዚያው ቦታ ላይ ኤሌክትሮድ ተክሎ ሰዎችን ማከም ጀመረ፤ ዲሎንግና ቤናቢድ በ2014 የላስከር ሽልማትን ተጋሩ። የጽሑፉ ዓረፍተ ነገሮች ጠባይም ለዚህ አወቃቀር ይመቻል፤ አጭር፣ ደረቅ፣ ጌጥ አልባ፣ እያንዳንዱ ለሚቀጥለው መሠረት የሚጥል።

ጉድለቱም ያለው እዚሁ ግልጽነቱ ውስጥ ነው። በሥዕሉ ላይ ቀስት ይወፍራል ወይም ይቀጥናል፤ የሕዋስ ሥራ ማለት በሰከንድ ስንት ጊዜ ይመታል ማለት ብቻ ይሆናል። እውነት ነው፣ ምቱ ይጨምራል። የበርግማንና የዲሎንግ የ1994 ጥናት በሰብታላሚክ ኒውክለስ አማካዩ በሰከንድ ከ19 ገደማ ወደ 26 ገደማ ማደጉን አሳይቷል። ያው ጥናት ግን ሌላም ነገር አወጣ፤ ብዙ ሕዋሳት በየጊዜው በሚመላለስ ዜማ መምታት ጀምረው ነበር። በኋላም በታማሚዎች አንጎል በሰከንድ ከ13 እስከ 30 ጊዜ የሚመላለስ፣ ቤታ የሚባል ሞገድ ጎልቶ ታየ። የቀስት ውፍረት ስለ ዜማ የሚናገረው ነገር የለም፤ ስለዚህ መንቀጥቀጥ፣ ማለትም ማንም አላፊ አግዳሚ የሚለየው ምልክት፣ በጽሑፉ ውስጥ አጥጋቢ ቦታ አያገኝም።

ሌላው ከባድ ፈተና ከቀዶ ሕክምና ክፍል መጣ። ሞዴሉ እንደሚለው የውስጠኛው ግሎበስ ፓሊደስ ሲጎዳ ያለ ፈቃድ መወናጨፍ ሊመጣ ይገባል። የሆነው ተቃራኒው ነው፦ ቀዶ ሕክምናው የፓርኪንሰን መድኃኒት በሆነው በሌቮዶፓ ሳቢያ የሚመጣውን መወናጨፍ ያስታግሳል። ይህ በጥቃቅን ማሻሻያ የሚሸፈን ቀዳዳ አይደለም።

ለፍትሕ ሲባል ሁለት ነገር ልጨምር። ሐሳቡ የዲሎንግ የብቻው አይደለም፤ አልቢን፣ ያንግና ፔኒ በ1989 በዚያው መጽሔት ተመሳሳይ መዋቅር አቅርበው ነበር፣ የሰሌዳው ሥዕል ስማቸውን መዋጡ ቅር ያሰኛል። በሌላ በኩል፣ በ2018 በአይጦች ላይ የወጣ ጥናት ዶፓሚን ሲጠፋ የቀጥተኛው መንገድ ሕዋሳት መዳከማቸውን፣ የተዘዋዋሪው ደግሞ ሥራቸው መብዛቱን በዓይን አይቷል። ትንበያው ግማሹን መንገድ በክብር ተጉዟል ማለት ነው። ይኸው ጥናት ጎረቤታሞቹ ሕዋሳት አብረው የሚሠሩበት ሥርዓት መፍረሱንም ጨምሮ ማሳየቱ ግን አይዘንጋ።

በእነዚያ አምስት ገጾች ውስጥ ሰው የለም። የዘርፉ ደንብ ስለሆነ አልከስም፤ ነገር ግን በዚያው በ1990 ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ«ኒውሮኤፒዴሚዮሎጂ» መጽሔት ያወጡት የቡታጅራ ጥናት ጎን ለጎን ሲነበብ ክፍተቱ ይታያል። እነርሱ የገጠር ነዋሪ የሆኑ 60,820 ሰዎችን ሸፍነው፣ የፓርኪንሰን ሥርጭት ከ100,000 ሰው 7 መሆኑን ዘገቡ፤ በአካባቢው የተገኙት ታማሚዎች አራት ያህል ነበሩ ማለት ነው። ቁጥሩ ማነሱ አዛውንት ጥቂት በሆኑበት ሕዝብ አያስገርምም። ዛሬ ዳንግላ ወይም እንጅባራ አካባቢ አንድ አባት እጃቸው ቢንቀጠቀጥ፣ እርምጃቸው ቢያጥር፣ ቤተሰቡ «እርጅና ነው» ሊል ይችላል፤ የዲሎንግ መውጫ በር ከመታወቁ በፊት መታወቅ ያለበት ይህ እርጅና ብቻ አለመሆኑ ነው።

የእኔ ፍርድ ጽሑፉ ታላቅ ነው፣ ሥዕሉ ግን ከጽሑፉ ያነሰ ነው የሚል ነው። መምህራን ሥዕሉን ብቻ ሰሌዳ ላይ ከሚተዉት የ1990ውን ጽሑፍ ከ1994ቱ ጋር አብረው ይስጡ፤ ተማሪውም የትኛው ቀስት ትንበያውን እንደፈጸመ፣ የትኛው እንዳልፈጸመ በራሱ እርሳስ ምልክት ያድርግበት።